በባትሪ የታየ ጥይት

አመለወርቅ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ላፕቶፑን ታበራና የቻርጀሩን ገመድ ከጎኑ ትነቅለዋለች። ገመዱን በግራ እጇ እንደያዘች ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ታያለች። ቁጥሯ ካልወረደች መልሳ ትሰካዋለች። ደንበኛ ፊቷ ቆሞም ቢሆን፣ ሰላምታ ተጀምሮም ቢሆን፣ ይህን ሳታደርግ ቀና አትልም። በየቀኑ እንዲህ ነው። የማያውቋት ሶኬቱ የላላ ይመስላቸዋል።

ሱቋ መካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ካሉት የቆርቆሮ ቤቶች አንዷ ናት። እዚያ የተበላሸ ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ የሰርግ ፊልም ታቀናብራለች። አባቷ ቄስ ናቸው። ወንድሞቿ ዳዊት ሲደግሙ አብራ ሰምታ አድጋለች፤ ኋላ ደሴ ሄዳ ኮምፒውተር ተማረች። ላፕቶፗ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ነው። ሰርገኛ በሚያመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እየገባ ሥራዋን ሲበላባት፣ አብራት የተማረችው ሁዳ ከደሴ ጭናላታለች። ባትሪውም ከሁዳ የመጣ ነው፤ የራሱ ባትሪ አብጦ ሲወጣ ከሌላ ማሽን የተፈታ ተገኘለት። በመብራት ሲሠራ ምንም አይልም። ገመዱ ሲነቀል ግን እንደደከመ በሬ ይሆናል፤ አንድ ፋይል ለመክፈት ያስጠብቃል። አመለወርቅ ይህን ታውቅ ነበር፤ ባትሪ አይደል ብላ ትታው ነበር። በዚህ አገር መብራት ሲጠፋ የማይንቀራፈፍ ነገር የለም።

የተወችው ነገር አንድ ሰው ሊያስገድል ምን ያህል እንደቀረበ ነው የምጽፈው።

ጥር ላይ ከአቀስታ መንገድ ወረድ ብሎ ባለው ጥድ አፋፍ በሚባል መንደር ሰርግ ነበር። አመለወርቅ ካሜራዋን ከሙሽራዋ ቤት በር ፊት ለፊት በሦስት እግር መቆሚያው ላይ ተከለች። ሰርገኛው መጥቷል፤ የሴቷ ወገን በሩን ዘግቶ አናስገባም ይላል፤ ግፊያው፣ ጭብጨባው፣ ስድቡ እንደወጉ ነው። ከፊት ሆኖ በሩን የዘጋው የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም ወንድዬ ነው። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። አንድ ሚዜ ደረቱን ገፋ ሲያደርገው፣ «እህቴን ልትወስድ ነው ወይስ ልትሰርቅ፣ አንተ ሞላጫ» ብሎት ሰው ሁሉ ይስቃል። ሽማግሌዎቹ ሙሽራው ደፉን ሳያልፍ ማንም እንዳይተኩስ ከልክለዋል። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ጠመንጃ መሀል አንድም ጥይት አልተሰማም። ከዚያ አንድ ተሰማ።

ጥይቱ ከወንድዬ ጆሮ ሥር ገብቶ በሌላው በኩል የመንጋጋውን አጥንት ይዞ ወጣ። ሲወድቅ ሙሽራው ላይ ነው የወደቀው። ነጩ ልብስ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ቀላ። መጀመሪያ ማንም አልጮኸም፤ ጭብጨባው ለትንሽ ጊዜ ቀጥሎ ነበር፤ ከኋላ ያሉት አላወቁማ። ከዚያ ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ የሙሽራው ወገንና የሙሽራዋ ወገን አፈ ሙዝ ለአፈ ሙዝ ተገጣጠሙ። ሽማግሌዎቹ መሀል ገብተው መሬት ላይ ባይተኙ ኖሮ ያን ቀን አንድ ሰው ብቻ አይቀበርም ነበር። ካሜራው ሁሉንም እየቀዳ ቆሞ ቀረ።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ስለማይታመን ፖሊስ ከከተማ አይወጣም ነበር። ወንድዬ ሳይመረመር ተቀበረ። እናቱ ደም የጠጣውን ሸሚዙን ሳታጥብ የቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው፤ አልቃሾቹም ግጥም አወጡ፤

በሰርግ ቤት ቀብረው፣ ምን ይሉታል ይህን፣
ወንድም የለህም ወይ፣ የሚመልስ ደምህን።

ወንድም አለው። አሳምነው ይባላል፤ ታላቁ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ግጥሙ ሲወርድ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የአባታቸው ወንድም አያ አምባቸው አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ወንድዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ፊልም የምታነሳዋ ልጅ ሁሉን አይታለች፣ ሄደን እንይ ያለው አሳምነው ነው። አያ አምባቸው ምን ያደርጋል ብለው ተከራከሩ፤ በኋላ ግን አብረው ሄዱ።

ከተማው መብራት አልነበረውም። ሁለቱ ሱቋ ገብተው አሳምነው ክላሹን ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠው። መብራት እስኪመጣ ጠብቁ አለቻቸው። አሳምነው ካላሳየሽን ማሽኑን እንዳለ ይዤ እሄዳለሁ አለ። ከፈተችው። በባትሪው ጀመረ፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን ሳያቋርጥ ይፈሳል። ያ ቦታ ሲደርስ አመለወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ልጁ ሲወድቅ ደግማ ማየት አልቻለችም።

ስለዚህ ያዩት ሁለቱ ናቸው። ጥይቱ ሲጮህ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ጠመንጃውን ከትከሻው እያወረደ ነበር፤ አፈ ሙዙም ልክ በዚያች ቅጽበት በወንድዬ ፊት ያልፋል። ሰውየው አወቀ ነው። ከወንድዬ ጋር በአንድ ትልም ድንበር ተጣልተው፣ ባለፈው ዓመት ሽማግሌ አስታርቋቸው፣ ሰላም መሆኑን ለማሳየት ሰርጉ ላይ የመጣ ጎረቤት።

አያ አምባቸው ወደ አሳምነው ዞሩ። «አይተሃል» አሉ።

አመለወርቅ በባትሪ ሲሆን እኮ ይንቀራፈፋል፣ በደንብ አይታይም ብላ ነበር። የሰማት የለም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የአወቀን ቤት አቃጠሉት። የገብስ ክምሩ መጀመሪያ ተያያዘ፤ ነፋስ ስለነበር ጣሪያው ወዲያው ተከተለ። ሚስቱ ልጆቿን በጓሮ በኩል አወጣች። የታሰሩትን በሬዎች የጎዳቸው እሳት አይደለም፤ ቋንጃቸውን በመጥረቢያ ቆርጠው በፊት እግራቸው እየተጎተቱ እንዲጮኹ ተዋቸው። አወቀ ከማሳ ሲሮጥ መጣ። ወደ በሬዎቹ ነበር የሚሮጠው፤ ሰዎቹን ያየው ዘግይቶ ነው። አሳምነው ጭኑን በጥይት መታው። ወደቀ፣ ተነሳ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ቁልቁለቱን ወርዶ ሚካኤል ቅጥር ውስጥ ገባ። ከአጥሩ በር እስከ ደወሉ ድረስ ደሙ መንገድ ሠርቶ ነበር።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደወሉን ከደወለ፣ ገድያለሁ፣ ማሩኝ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደመኛው አጥሩን አያልፍም፣ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። ካልደወለ ግን እንደማንኛውም እንግዳ ነው፤ መጠለያነቱ አይጸናለትም። የደብሩ መርጌታ ወልደሩፋኤል የአወቀን ጭን በመቀነታቸው እያሰሩ ደወሉን አሳዩት። የሚካኤል ደወል ሁለት የተንጠለጠሉ ድንጋዮች ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስባቸዋል።

«ደውል ልጄ» አሉት።

«አልደውልም።»

«በር ላይ ናቸው እኮ። ሊገድሉህ ነው።»

«ብደውል ገደልኩ ማለቴ አይደል መርጌታ? ልሙት። ልጆቼ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ተብለው አይደጉ።»

መርጌታ ሄደው ለአሳምነው ነገሩት። አሳምነውም ይህን ሰምቶ የበለጠ ተናደደ፤ ንቀት መሰለው። መርጌታ እስከ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ብቻ ታገሡኝ ብለው ለመኑት፤ ቅጥሩን በሰው ደም እንዳታረክሱብኝ አሉት። አሳምነው እሺ አለ። ከዚያ በኋላ እግሩን ይዤ ጎትቼ አወጣዋለሁ አለ።

በማግስቱ ጠዋት መብራት መጣ። የሟች እናት ለመታሰቢያ የልጇን ፎቶ ከፊልሙ እንድታወጣላት ልካባት ስለነበር፣ አመለወርቅ ገመዱን ሰክታ ከፈተችው። መንደሩ ውስጥ የሆነውን ገና አልሰማችም። ልጁ የሚስቅበትን ቦታ ስትፈልግ ጥይቱ ጋ ደረሰች፤ በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም። ጥይቱ ጮኸ። አወቀ በዚያች ቅጽበት ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አንግቶ በሁለት እጁ ያጨበጭባል።

ወደኋላ መለሰችው። እንደገና አጨበጨበ።

ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ የሚታየው ከጥይቱ ቀደም ብሎ ነው፤ ጀርባው ላይ ሊያነግተው። በባትሪው ጊዜ ማሽኑ ምስሉን መሸከም አቅቶት ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ ድምፁ ብቻውን ቀድሞ ሄደ። የኋላው ድምፅ ከፊተኛው ምስል ጋር ተጋጠመ። የአንድ ሰው ሞት በሌላ ሰው እጅ ላይ አረፈ።

በስክሪኑ ግራ ጠርዝ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። አያ አምባቸው በግፊያው መሀል ቆመዋል። የአሮጌ ምንሽራቸው ማንገቻ ይበጠሳል፤ ጠመንጃው ይወርዳል፤ ሰደፉ ደፉ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ይጋጫል፤ አፈ ሙዙ ወደ ፊት ያዘነብላል። ጥይት የጎረሰ ነበር። ጭሱ ከዚያ ነው የወጣው።

ሱቋን ዘግታ በሚኒባስ ተሳፍራ ጥድ አፋፍ ደረሰች። የተቃጠለውን ቤት ያየችው ስትወርድ ነው። አንደኛው በሬ ገና አልሞተም ነበር።

ለቅሶው ድንኳን ገብታ ለአሳምነው አወቀ አይደለም አለችው። ማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ አያ አምባቸው እፊቷ ተቀምጠዋል፣ ምንሽራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ማንገቻው በአዲስ ጠፍር ተቋጥሯል። ስለ ባትሪው፣ ስለ ድምፁና ምስሉ ለማስረዳት ሞከረች። አሳምነው ሳያስጨርሳት በመዳፉ ጀርባ አፏን መታት። ወደቀች። በነጠላዋ አንገቷን ይዞ ጎትቶ አስነሳት፤ ደግሞ መታት። ጥርሷን ከነደሙ መሬት ላይ ተፋችው። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያያል።

አያ አምባቸው ነበሩ የተናገሩት። «አንቺ ልጅ፣ ትላንት ያየነው ካሜራሽ ያየውን ነው። ዛሬ መብራት መጣ፣ ሌላ ነገር አመጣሽ። የዛሬው በሽቦ የመጣ ነው። ሽቦ ያመጣውን እኛ አናምንም።»

ንግግሩ ለብዙዎቹ እውነት መሰላቸው። በሽቦ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? መርጌታ ወልደሩፋኤል ተጠርተው ሲመጡ ልጅቷን ከአሳምነው እጅ አላቀቋት፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ መከሩ። ፍርዳቸው እንዲህ ሆነ፤ ነገ ጠዋት፣ ቀነ ቀጠሮው ሲያልቅ፣ በቅጥሩ በር ላይ፣ ሕዝብ ባለበት፣ ያው ማሽን፣ ያው ፊልም፣ እንደ መጀመሪያው ያለ ምንም ሽቦ ይታይ። ስልክ ላይ ገልብጬ ላምጣ ብትላቸው የተገለበጠ አንፈልግም አሏት። እንደ መጀመሪያው ከታየ አወቀ ለደመኛው ይሰጣል።

እንግዲህ አመለወርቅ ማስተካከል ያለባት ነገር ይህ ነበር። ገመድ ሳይኖረው ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ እንዲሮጥ ማድረግ። ካልሮጠ፣ እውነተኛው ፊልም ራሱ አወቀን ያስገድለዋል።

ሱቋ ተመልሳ የደማ አፏን ሳትታጠብ ተቀመጠች። ገመዱን ነቀለች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር፣ የማሽኑ አንጎል የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ ከሁለት ሺህ ሜጋኸርዝ በላይ የነበረችው ወርዳ አራት መቶ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ባትሪ ቆጣቢ የሚለውን ቅንብር ጠረጠረች፤ ቀይራ በሙሉ አቅም ሥራ አለችው። አራት መቶ። በባትሪ ጊዜ ፍጥነት የሚገድብ ፋይል ካለ ብላ ፈልጋ አገኘች፤ ገደቡን አጥፍታ ማሽኑን ዘግታ ከፈተችው። ያው አራት መቶ። የምታዘው ሁሉ እሺ ይላታል፣ የሚለወጥ ግን የለም። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል። የስልክ ድምፅ ግን ይሠራል፤ ለሁዳ ደወለችላት።

ሁዳ በደሴ ቋንቋዋ አማን ነው ወይ ብላ ጀመረች፤ ለኔ ብለሽ ደውለሽ አታውቂም፣ ዛሬስ የትኛው ማሽን ሞተ ብላ ቀለደች። አመለወርቅ ነገረቻት። ሁዳ መቀለዷን አቆመች።

«ምንም ብታደርጊው ከአራት መቶ አይነሳም?»

«አይነሳም።»

«ወላሂ፣ ባትሪው ነው። እኔ የሰጠሁሽ ባትሪ።»

ባትሪው የማሽኑ ወገን ስላልሆነ ማሽኑ አያውቀውም፤ ገመዱ ሲነቀል ከማያውቀው ጋር ብቻውን ይቀራል፤ ስለሚፈራም ለፕሮሰሰሩ ቀስ በል፣ ትቃጠላለህ የሚል ምልክት ይልክለታል፣ አለቻት። ፕሮሰሰሩ ያን ምልክት ከሰማ የአመለወርቅን ትዕዛዝ አይሰማም። ምልክቱ ከታች ነው የሚመጣው፤ እሷ ስትነካካ የዋለችው ከላይ ያለውን ነው።

«ጆሮውን ልድፈነው?»

«ድፈኚው። አንድ መስመር ትዕዛዝ አለ፤ እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ጻፊ። ግን ስሚኝ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳዋል። እዚያው እፊታቸው እንደገና መጻፍ አለብሽ። አብሽሪ።»

ሁዳ ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችላት፤ ዜሮ፣ ኤክስ፣ አንድ፣ ኤፍ፣ ሲ እያለች ረጅሙን መስመር ጨረሰችው። አመለወርቅ አስገባችው። ቁጥሩ ዘለለ። አራት መቶ የነበረው ከሁለት ሺህ አለፈ፤ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። ፊልሙን ያለ ገመድ ከፈተችው። ጥይቱ ጮኸ፤ አወቀ አጨበጨበ። ሁዳ በስልኩ የጥይቱን ድምፅ ሰምታ ያ አላህ አለች።

ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይቆይ ማሽኑን አጥፍታ መሄድ ነበረባት። ያን መስመር ወንድሞቿ ዳዊት ይይዙ በነበረበት መንገድ በቃሏ ያዘችው፤ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው ሰጥታ፣ እየተወዛወዘች፣ ድምፅ እያወጣች።

በማግስቱ ጠዋት በቅጥሩ በር ላይ ቢያንስ የሁለት ቀበሌ ሰው ነበር። ወንዱ ሁሉ ታጥቋል። አወቀ ከአጥሩ ውስጥ ደወሉ ሥር ተኝቷል፤ ጭኑ አብጦ ሱሪውን ወጥሮታል፣ ትኩሳት ይዞታል። ላፕቶፑን አንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ አኖሩት። አሳምነው ጎንበስ ብሎ ሽቦ አለመኖሩን ዙሪያውን አየ፤ የነጠላዋን ጫፍ ሳይቀር ገልጦ አየ። አያ አምባቸው ከኋላዋ ቆሙ። የምንሽሩ አፈ ሙዝ ጀርባዋን ሲነካት ይሰማታል። እንዳጋጣሚ ይሁን ሆን ብለው አላወቀችም።

ማሽኑ ተነሳ። አራት መቶ። መስመሩን ጻፈች፤ ጣቶቿ በብርድና በፍርሃት ደንዝዘዋል። አስገባችው። ማሽኑ «ስህተት» አላት። ቁጥሩ አልተነሳም።

«ምንድነው የምትጽፈው?» አለ አሳምነው።

«እንዲፈጥን ነው።»

«ይበቃል» አሉ አያ አምባቸው። «በቃ አጫውቺው። ያው ነው።»

ማጫወት ማለት መግደል ነበር። አንገቷን አልመለሰችም። ዓይኗን ጨፍና መስመሩን ጮክ ብላ ከመጀመሪያው ደገመችው፤ ሕዝቡ ጸሎት ስለመሰለው ዝም አለ። አንድ ፊደል ዘልላ ኖሯል። እንደገና ጻፈችው። ቁጥሩ ተወረወረ፤ ማራገቢያው ጮኸ።

«ጮኸ! ለወጠችው!» አለ አንዱ። መርጌታ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

ፊልሙ ሄደ፤ ሳይንቀራፈፍ። ጥይቱ ሲጮህ አወቀ በሁለት እጁ ያጨበጭባል። አሳምነው ድገሚው አለ። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ አላስደገመም፤ እሱም ግራውን ጠርዝ አይቶ ነበር። ቀና ብሎ የአጎቱን ጠመንጃ አየ፤ ጠፍሩን።

«አያ፣» አለ፣ «ማንገቻህ መቼ ተበጠሰ?»

አያ አምባቸው አፋቸውን ከፈቱ። «እኔ እኮ ነኝ ያሳደግሁት» አሉ። «ልጄ ነው እኮ...»

አሳምነው የክላሹን ሰደፍ በአጎቱ ፊት ላይ አሳረፈው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሽማግሌው ወደቁ፤ ሁለተኛውን በአንገታቸው ላይ፣ ሦስተኛውን ሊጋርዱበት ባነሱት ክንድ ላይ መታቸው፤ ክንዱ በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። «ሬሳውን አብረህ አጠብክ!» እያለ ነበር። «በሱ ደም ላይ አወቀን አሳየኸኝ!» ከዚያ ጠመንጃውን ገልብጦ አፈ ሙዙን ግንባራቸው ላይ አደረገ። መርጌታ ወልደሩፋኤል አፈ ሙዙን በባዶ እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ሲገፉት ተተኮሰ፤ ጥይቱ የበሩን ጉበን ሰንጥቆ አለፈ፣ የመርጌታ መዳፍ ተቃጠለ። ሰው በሙሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። አመለወርቅ ላፕቶፑ ላይ ተደፋች።

አያ አምባቸው በአንድ ክንዳቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ በሩን አለፉ። አሳምነው ደግሞ ለመተኮስ ከመርጌታ ጋር ይታገላል። ሽማግሌው አወቀ የተኛበት ደረሱ፣ በላዩ ተንጠራሩ፣ በደም የተነከረ እጃቸው ድንጋዩን ጨበጠ።

ደወሉ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። መቆም አልቻሉም፤ ደወሉን ይዘው ተንጠለጠሉበት። አሳምነው ጠመንጃውን ጣለው። መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ።

እርቁ ወራት ፈጀ። አያ አምባቸው አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከመንደሩ ወጥተው ወደ ኩታበር በኩል ዘመድ ጋ ይኖራሉ። አሳምነው የአወቀን ቤት በገዛ እጁ ሠርቶለታል፤ ምሰሶውን ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ተሸክሞ። ሲሠራ አወቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየው ነበር፤ ጣሪያው እስኪከደን ድረስ አልተነጋገሩም ይባላል። ከዚያ አወቀ፣ «አጥሩን ዝቅ አርገኸዋል» አለው። አሳምነውም ፈርሶ ይሠራል አለ። አወቀ እግሩን ይጎትታል። በሬዎቹን የተካለት የለም።

አመለወርቅ ያን መስመር ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ራሱ እንዲያስገባው አድርጋዋለች። ሁዳ ሌላ ባትሪ ልላክልሽ ብትላት አልፈልግም አለቻት። አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሰርግ ግን ታነሳለች፤ ጥድ አፋፍም ጭምር ይጠሯታል።

ይህን ጽፌ ሳነብላት ጥርሷን ተይልኝ አላለችም፤ መመታቷን፣ መጎተቷን፣ ዓይኗን መጨፈኗን ተይልኝ አላለችም። አንድ ነገር ብቻ እንዳልጽፍ ለመነችኝ።

ፊልሙ ላይ፣ ጥይቱ ሊጮህ ሲል፣ ከካሜራው ኋላ የሚመጣ የሴት ድምፅ አለ። በባትሪ የታየ ጊዜ ድምፁ ቀድሞ አልፎ ስለነበር ከምንም ጋር አልተገናኘም። በቅጥሩ በር ላይም ሕዝቡ ጠመንጃዎቹን ያይ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ድምፁና ምስሉ ሲገጥሙ ግን እንዲህ ነው። «ወንድዬ፣» ትላለች አመለወርቅ፣ «አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፤ ፊትህ ጥላ ውስጥ ነው።» ወንድዬም ወደ ካሜራው ዞሮ ፈገግ ይልላትና ወደ ቀኝ ይራመዳል።